ወደ ራስ ደጀን መውጣት፣ ከራስ ደጀን መውረድ

(ለሙያ ማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ የቀረበ ንግግር)



በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች የጂኦግራፊ ትምህርት የተከታተለ የቀድሞ ተማሪ ሁሉ አንድ ቁጥር በቃሉ ይዞ አድጓል። ይኸውም የራስ ደጀን ከፍታ 4,620 ሜትር ነው የሚለው ነው። ቁጥሩ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ተጽፏል፤ በፈተና ተጠይቋል፤ አባት ለልጁ አስተላልፎታል። ዛሬ ያሉት ካርታዎችና መጻሕፍት ግን አንዳንዶቹ 4,550፣ አንዳንዶቹም 4,533 ሜትር ይላሉ። ተራራው አልተናደም፤ የተለወጠው የመለኪያው መሣሪያና የስሌቱ ዘዴ ነው። ስሙም ቢሆን እንደ ቁጥሩ ሁለት መልክ ይዞ ኖሯል። በውጭ አገር ካርታዎች ላይ «ዳሸን» ተብሎ የሰፈረው ስም በአማርኛ «ደጀን» ነው። ደጀን ማለት ደግሞ ከፊት ለሚዋጋው ጦር ከኋላው ሆኖ መደገፊያና መመኪያ የሚሆነው ኃይል ነው። የዚህ ቃል ትርጉም ወደ ኋላ እንደገና ይነሣል።

የዚህ ንግግር ርእስ በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ወደ ተራሮቹ ጫፍ በእግር የሚደረገው ጉዞ ነው። ስለዚህ ጉዞ ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የሚወራው ስለ መውጣቱ ነው። ጫፍ ላይ የደረሰ ሰው ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ፎቶግራፉም በመስተዋት ተከብቦ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። በደህና የወረደ ሰው ግን ስለ መውረዱ የሚያመሰግነው የለም። ሆኖም የስሜንን መሬት አቀማመጥ፣ የሰውን ሰውነት ጠባይና የፓርኩን ታሪክ አንድ ላይ አድርጎ ለመረመረ ሰው፣ ሦስቱም የሚያስተምሩት አንድ ነገር ነው። እርሱም በዚህ ተራራ ላይ ከመውጣት ይልቅ የሚከብደውና የሚበልጠው ዕውቀት መውረድን ማወቅ መሆኑ ነው።

፩. የመሬቱ ነገር

ከዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ውስጥ የቀለጠ ዐለት እየገነፈለ በሰሜን ኢትዮጵያ ላይ ተደራርቦ ሲፈስ፣ የስሜን አገር ከዚሁ ጥቁር ድንጋይ ተገነባ። ከዚያ ወዲህ ዝናብና ወንዝ፣ ውርጭና ፀሐይ ሲሸረሽሩት ኖረው፣ ከላይ ያለው ሰፊ ሜዳ ሆኖ ሲቀር ዳሩ ተቆርሶ እስከ 1,500 ሜትር ድረስ ቁልቁል የሚወርድ ገደል ሆነ። በዚህ አገር ሜዳና ገደል በአንድ እርምጃ ይለያያሉ። ጓሳ በለበሰ ለስላሳ መስክ ላይ ሲሄድ የቆየ ሰው፣ ምንም ምልክት ሳያይ ድንገት እግሩ ሥር የቆላውን አገር ከሩቅ እንደተዘረጋ ምንጣፍ ያየዋል።

ተጓዡ ከጎንደር ተነሥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ሲጓዝ ደባርቅ ይደርሳል። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። የመግቢያው ገንዘብ የሚከፈለው፣ መንገድ መሪው፣ ታጣቂው ጠባቂ፣ ምግብ አብሳዩና በቅሎ ነጂው የሚገኙት በዚያው ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዱ የገደሉን አፋፍ ተከትሎ ወደ ምሥራቅ ያመራል። ሳንቃ በር በ3,250 ሜትር ላይ ይገኛል። ከእርሱ አለፍ ሲል የጅንባር ወንዝ ከአፋፉ ወደ ጥልቁ ሸለቆ ሲወረወር ይታያል። ግጭ በ3,600፣ የእመት ጎጎ ጫፍ በ3,926፣ ጨነቅ ደግሞ በ3,620 ሜትር ላይ ናቸው። ከፍታው በጨመረ ቁጥር አስታውና አሜጃው እየሳሳ ሄዶ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራሉ። ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠሉን ብቻ ሲያሳድግ ኖሮ፣ በዕድሜው አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ ያወጣል። ከዚያም ዘሩን በትኖ ይሞታል።

በእነዚህ መስኮች ላይ በመቶ የሚቆጠሩ ጭላዳዎች በአንድነት ተቀምጠው ሣር ሲነጩ ይውላሉ። ጭላዳ በኢትዮጵያ ተራሮች ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። ምግቡ ከላይ፣ መኝታው ከታች ነው። ጀንበር ስታዘቀዝቅ መንጋው በሙሉ ወደ አፋፉ ይሄድና በገደሉ ግድግዳ ላይ ወዳሉት ጠባብ እርከኖች እየተንጠላጠለ ይወርዳል፤ ነብርና ጅብ በማይደርሱበት ሥፍራ ያድራል፤ ሲነጋም ተመልሶ ይወጣል። በጨነቅ አካባቢ በገደሉ ወገብ ላይ ቀንዱን ወደ ኋላ ቀልሶ የሚቆመው ዋልያም ከስሜን በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም። ሁለቱም ከፍታውን የሚኖሩበት መውረጃውን ስለሚያውቁ ነው።

ወደ ራስ ደጀን የሚሄድ ሰው የሚፈተነው ከጨነቅ በኋላ ነው። ካርታውን ዘርግቶ ለሚያይ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ጨነቅ 3,620 ሜትር፣ ራስ ደጀን 4,550 ሜትር ቢሆን፣ ልዩነቱ 930 ሜትር ብቻ ነው። መሬቱ ግን እንደ ሂሳቡ አይደለም። ከጨነቅ በመጀመሪያ 4,200 ሜትር ገደማ ወደሚደርሰው የቧሂት በር ይወጣል፤ ይህም 580 ሜትር ነው። ከበሩ በጪሮ ልባ በኩል ወደ መሸሃ ወንዝ ይወርዳል። ወንዙ በ2,800 ሜትር አካባቢ የሚፈስ በመሆኑ፣ ተጓዡ ለፍቶ ያገኘውን ከፍታ በሙሉ፣ ከዚያም በላይ ጨምሮ፣ 1,400 ሜትር ይመልሳል። ወንዙን ተሻግሮ 400 ሜትር ያህል ወጥቶ በአምቢቆ መንደር ያድራል። በማግስቱ ከአምቢቆ እስከ ጫፉ ሌላ 1,350 ሜትር ይጠብቀዋል። ሦስቱ አቀበቶች ሲደመሩ 2,330 ሜትር ይሆናሉ። እንግዲህ በካርታ ላይ 930 የሆነው በእግር 2,330 ሆኖ ይከፈላል ማለት ነው።

ከዚህም የሚብሰው መልሱ ነው። ጫፍ ላይ የቆመ ሰው ጉዞው ያለቀ ይመስለዋል። ነገር ግን ወደ ጨነቅ የሚመለስ ከሆነ፣ ከራስ ደጀን 1,750 ሜትር ወርዶ መሸሃ ሲደርስ እንደገና 1,400 ሜትር ወጥቶ የቧሂትን በር ማለፍ አለበት። ጉልበቱን ሁሉ ለጫፉ የሰጠ ሰው ለዚህ አቀበት የሚተርፈው የለውም። በስሜን ጫፉ የጉዞው እኩሌታ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው።

ጫፉም ራሱ ብዙዎች እንደሚያስቡት ለብቻው የሾለ አይደለም። በድንጋይ ክምር መካከል ተቀራራቢ ቁመት ያላቸው ሦስት ራሶች አሉ፤ ከሦስቱ የትኛው እንደሚበልጥ በዐይን ለመፍረድ የሚቸገሩ ተጓዦች ጥቂቶች አይደሉም። ፌሬና ጋሊኒዬ የተባሉ ሁለት የፈረንሳይ መኮንኖች እ.ኤ.አ. በ1841 ወደ ጫፉ እንደ ወጡ ተጽፏል። ይህም በጽሑፍ ከተመዘገቡት የአውሮፓውያን አወጣጦች የመጀመሪያው ነው። ነገር ግን ከጫፉ ዝቅ ብሎ፣ በ4,300 ሜትር ገደማ ላይ፣ የጥንት ምሽግ ፍራሽ ይገኛል። ምሽጉን የሠሩት ሰዎች ስማቸውን በመጽሐፍ ባያኖሩም፣ ከፍታውን ከእንግዶቹ አስቀድመው እንደሚያውቁት ድንጋዩ ይመሰክራል።

፪. የሰውነት ነገር

ሰው ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል። በአዲስ አበባ ከፍታ ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ በራስ ደጀን ጫፍ ላይ ግን 60 በመቶ አይሞላም። በአየሩ ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እንዳለ ቢሆንም፣ ግፊቱ ሲቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው መጠን ይቀንሳል። ሰውነት ይህን ለማካካስ ትንፋሹን ያበዛል፤ ልብን ያፈጥናል፤ ቀስ በቀስም ራሱን ያለማምዳል። መለማመዱ ግን ቀናት ይጠይቃል። ጊዜ ከተነፈገው የከፍታ ሕመም ይመጣል።

የሕመሙ መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት ነው። ብዙ ሰዎች ይህን ከፀሐይ ወይም ከምግብ ይቆጥሩታል። ችላ ከተባለ ግን ወደ ሁለት አደገኛ መልኮች ሊለወጥ ይችላል። አንደኛው አንጎል ውኃ ሲቋጥር የሚመጣው ነው፤ ሕመምተኛው እንደ ሰከረ ሰው ይንገዳገዳል፤ ንግግሩ ይዘበራረቃል፤ አእምሮውን ይስታል። ሁለተኛው ሳንባ ውኃ ሲቋጥር የሚመጣው ነው፤ ሕመምተኛው ተቀምጦ እያለ እንኳ ትንፋሽ ያጥረዋል፤ አረፋ ያለው አክታ ያስለዋል። ሁለቱም በሰዓታት ውስጥ ሊገድሉ ይችላሉ። ኦክስጅንና መድኃኒት ቢረዱም፣ ከሁሉ የሚቀድመው ሕክምና አንድ ነው፤ እርሱም መውረድ ነው። ሲነጋ እናያለን አይባልም፤ ሌሊትም ቢሆን ይወረዳል።

የተራራ ሐኪሞች ያስቀመጡት ደንብ ከ3,000 ሜትር በላይ መኝታን በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር ባልበለጠ ከፍ ማድረግ፣ በየሦስት ወይም በየአራት ቀኑም አንድ ቀን ማረፍ የሚል ነው። ዛሬ የመኪና መንገድ እስከ ጨነቅና ከዚያም ወዲያ በመድረሱ፣ ጠዋት ከጎንደር ከ2,130 ሜትር የተነሣ ሰው ማታ በ3,620 ሜትር ላይ ድንኳኑን ሊተክል ይችላል። በአንድ ቀን ወደ 1,500 ሜትር ዘሏል ማለት ነው። በማግስቱ 4,430 ሜትር ወደሚደርሰው የቧሂት ጫፍ ለመውጣት ቢነሣ ራሱን ቢያመው ሊደነቅ አይገባውም። በእግሩ ከደባርቅ ተነሥቶ በሳንቃ በርና በግጭ እያደረ የመጣው ሰው ግን ደንቡን ሳያውቀውም ጠብቆታል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ጉዞ የተባለ ይመስላል።

በተለይ ሊነገረው የሚገባ አንድ ወገን አለ። እርሱም የአዲስ አበባው ነዋሪ ነው። ከባሕር ጠለል ከሚመጣው እንግዳ ይልቅ እርሱ ከፍታ የለመደ መሆኑ እውነት ነው። ይህ ጥቅም ግን መዘዝ አለው፤ የደጋ ሰው ነኝና አያመኝም ብሎ እንዲቸኩል፣ ሲያመውም እንዲደብቅ ያደርገዋል። በ2,400 ሜትር ላይ ያደገ ሳንባ ለ4,500 ሜትር ዋስትና አይሆነውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ብርዱም ሊዘነጋ አይገባም። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀት 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ስለሚቀንስ፣ ራስ ደጀን ከጎንደር በ15 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። በበጋ ሌሊት ውርጭ ይጥላል፤ በድንኳን ውስጥ ያለ ውኃ ይረጋል። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው የዝናብ ጊዜ ደግሞ ጉም መንገዱን ይሸፍናል፤ መሸሃም ሞልቶ ተጓዡን ከወንዙ ዳር ሊያውለው ይችላል። ስለዚህ ለጉዞው የሚመረጠው ከጥቅምት እስከ መጋቢት ያለው ጊዜ ነው።

በራስ ደጀን አካባቢ ከፍ ብለው ከሚታዩት ጫፎች አንዱ አባ ያሬድ ይባላል። ዜማን የደረሰው ቅዱስ ያሬድ በመጨረሻ ዘመኑ ወደ ስሜን መጥቶ በዚያ እንደ ተሰወረ በትውፊት ይነገራል። ስለ ቅዱሱ የሕፃንነት ዘመን የሚነገረውን ታሪክ የማያውቅ የለም። ትምህርት አልገባው ብሎ ተስፋ በቆረጠ ጊዜ፣ በማይ ኪራህ በዛፍ ጥላ ሥር ሆኖ አንድ ትል ዛፉ ላይ ለመውጣት ስድስት ጊዜ ሞክሮ ስድስት ጊዜ ሲወድቅ፣ በሰባተኛው ሲሳካለት አየ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ ለጽናት ምሳሌ ይሆናል። ተራራ ወጪው ከእርሱ የሚማረው ሌላም ነገር አለ። ትሉ ወድቆ በመመለሱ አልጠፋም፤ ሰባተኛውን ያገኘው ከስድስቱ በሕይወት ስለ ተረፈ ነው። ከጫፉ 200 ሜትር ሲቀረው ራሱን ያመመውና የተመለሰ ሰው ሌላ ዓመት አለው።

፫. ደጀን የሆኑት ሰዎች

እ.ኤ.አ. በ2002 ሲንቲያ ቢል የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በስሜን በአምባራስ አካባቢ፣ በ3,530 ሜትር ላይ በሚኖሩ 236 ሰዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አሳተሙ። በደቡብ አሜሪካ በአንዲስ ተራሮች የሚኖሩ ሕዝቦች ከፍታን የተቋቋሙት በደማቸው ውስጥ ያለው የሄሞግሎቢን መጠን በመጨመሩ ነው። የቲቤት ሰዎች ደግሞ ሄሞግሎቢናቸው ሳይጨምር፣ ደማቸው የሚሸከመው ኦክስጅን አንሶ ይኖራሉ። የአምባራስ ሰዎች ከሁለቱም ተለይተው ተገኙ። ሄሞግሎቢናቸውም ሆነ ደማቸው የያዘው ኦክስጅን በቆላ ከሚኖር ሰው ብዙ የማይለይ ሆነ። ከዚህም የተነሣ የኢትዮጵያ ደገኛ ከከፍታ ጋር ለመኖር የራሱ የሆነ ሦስተኛ መንገድ እንዳለው ሳይንስ ዐወቀ።

ይህ ግኝት ለሳይንቲስቱ አዲስ ነገር ነበር። ለገብሬው ግን የዕለት ኑሮው ነው። በውርጭ አገር ገብስ ይዘራል፤ በግ ያረባል፤ ሴቶች ውኃና ጭራሮ ተሸክመው ተጓዡ እያረፈ የሚወጣውን አቀበት ሳያርፉ ይወጡታል። በቅሎ ነጂው የእንግዳውን ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢትና የሳምንት ስንቅ ጭኖ ዘግይቶ ይነሣና ቀድሞ ይደርሳል። ታጣቂው ጠባቂ አሮጌ ጠመንጃውን አንግቦ፣ በጎማ ጫማ ወይም በሸራ ጫማ ከእንግዳው ኋላ ይሄዳል። ሌሊት እንግዳው በላባ ከረጢት ውስጥ ሲተኛ፣ እርሱ ጋቢውን ተከናንቦ እሳት ዳር ይቀመጣል። እንግዲህ የተራራው ስም በመጀመሪያ የሚገባው ለእነዚህ ሰዎች ነው። ጫፍ ለሚደርስ ሰው ሁሉ ከኋላው ደጀን አለው።

እዚህ ላይ ብዙ የማይነገር ነገር አለ። የደጀኑ ደመወዝ የሚታሰበው በቀን ነው። እንግዳው ታሞ ወይም አየሩ ተበላሽቶ በአራተኛው ቀን ቢመለስ፣ ለስምንት ቀን የተስማማው በቅሎ ነጂ የአራት ቀን ገቢ ያጣል። ስለዚህ መመለስ ሲገባ «ትንሽ ነው የቀረው፣ አይዞህ» የሚል ድምፅ ከኋላ ቢመጣ፣ ድምፁ የደፋርነት ብቻ አይደለም፤ የዳቦም ነው። እንዲሁም በቅሎ ነጂው ራሱ ቢያመው፣ ቀኑ እንዳይቆረጥበት ሲል ሕመሙን ይውጠዋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ተጓዡ ከደባርቅ ሳይነሣ፣ ቢመለስም ባይመለስም የተስማማበትን ቀን በሙሉ እንደሚከፍል አስቀድሞ መናገር ይገባዋል። ይህን የሰማ መሪ እውነቱን ለመናገር ነፃ ይሆናል፤ «ዛሬ ይብቃን» ለማለት ይደፍራል። ስምንት ቀን ከፍሎ በአራት ቀን የተመለሰ ሰው የጠፋበት ጥቂት ገንዘብ ነው፤ ያተረፈው የሰው ሕይወት ሊሆን ይችላል።

፬. የፓርኩ ነገር

ፓርኩን በማቋቋም ሥራ ከደከሙት ሰዎች አንዱ፣ ኋላ በደራሲነት የታወቀው ክላይቭ ኒኮል ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ1967 እስከ 1969 በዚያ አገልግሏል። ፓርኩ የተቋቋመው በ1969 ሲሆን፣ በ1978 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት ከመዘገባቸው የመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ሆነ። በዚያን ጊዜ ስፋቱ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ነበር፤ ራስ ደጀንም ከክልሉ ውጭ ነበር። ኋላ ድንበሩ ሰፍቶ ወደ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲደርስ ራስ ደጀን ተጨመረ።

በፓርኩና በነዋሪው መካከል የነበረው ግንኙነት ግን ሁልጊዜ ሰላማዊ አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ከገደሉ በታች ከነበሩት መንደሮች ነዋሪዎች በኃይል ተነሥተዋል። ይህ የፈጠረው ቂም በኋለኞቹ የጦርነት ዓመታት በፓርኩ ላይ ጉዳት አስከተለ። በዋልያ ቁጥር ማነስ፣ በእርሻና በግጦሽ መስፋፋት ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 ፓርኩ በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ ገባ። ከዚያም መዝገብ እስኪወጣ 21 ዓመት ፈጀ፤ የወጣው በ2017 ነው።

ከመዝገቡ ለመውጣት ከተደረጉት ነገሮች አንዱ የግጭ መንደር መነሣት ነው። በ2008 ዓ.ም. ከ400 በላይ ቤተሰቦች ካሣ ተከፍሏቸው ወደ ደባርቅ ወረዱ። ዛሬ ከሳንቃ በር ተነሥቶ ወደ እመት ጎጎ የሚሄደው ተጓዥ በዚያ ሲያልፍ ጓሳው አገግሞ፣ ጭላዳው ተበራክቶ ያያል፤ ዐይኑም ይደሰታል። የቤቶቹን መሠረት ያስተዋለ ሰው ግን ይህን ደስታ ማን እንደ ከፈለለት ይገባዋል። ልጆቹ ገብስ ማጨድና በግ መጠበቅ ብቻ የሚያውቁ አባት ወደ ከተማ ወርዶ አዲስ ኑሮ ሲጀምር፣ መውረዱ ከማንኛውም ተራራ ወጪ መውረድ ይበልጥ ይከብዳል። መስኩ ተጎድቶ ነበር፤ እንዲያገግምም ያስፈልግ ነበር። ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ዋጋው በአንድ ወገን ትከሻ ላይ ብቻ ሲያርፍ ተራራው በእውነት ተጠበቀ ማለት ያስቸግራል። ከከፍታው የወረዱት ሰዎች በታች ሆነው መተዳደሪያ ካላገኙ፣ ያለ ፈቃዳቸው የወጡ ሰዎች ወደ ላይ ማየታቸው አይቀርም።

የአካባቢው ሕዝብ ለተራራው ያለው ፍቅር በ2011 ዓ.ም. ታይቷል። በዚያ ዓመት በመጋቢትና በሚያዝያ በግጭና በእመት ጎጎ አካባቢ ሰደድ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን ባቃጠለ ጊዜ፣ ከሌሎች ረዳቶች ጋር የደባርቅና የአካባቢው ሰው ቅጠል ይዞ ገደል አፋፍ ድረስ ሮጦ ከእሳቱ ጋር ታግሏል። ከዚያ ወዲህ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነትና በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የጀመረው ግጭት ጎብኚውን አርቀዋል፤ በጎብኚ የሚተዳደሩትንም መሪዎች፣ ጠባቂዎችና በቅሎ ነጂዎች ጎድተዋል። ስለዚህ በዚህ ዘመን ወደ ስሜን ለመሄድ የሚያስብ ሰው ስንቅ ከመሰነቁ በፊት ስለ ጸጥታው ከአካባቢው ሰው ማጣራት አለበት። መልሱ «አሁን አይሆንም» ከሆነ ያን መቀበልም ከመውረድ ዕውቀት አንዱ ክፍል ነው።

፭. መደምደሚያ

ወደ ራስ ደጀን ለሚነሣ ሰው ከላይ ከተነገረው ሁሉ የሚወጣው ምክር አጭር ነው። ጊዜ መስጠት፣ ማለትም ከደባርቅ ተነሥቶ ለመመለስ ስምንት ወይም ዐሥር ቀን መያዝ። ሕመምን አለመደበቅ። የጓደኛን አረማመድና አነጋገር መከታተል፤ የታመመ ሰው መታመሙን ብዙ ጊዜ የሚያውቀው መጨረሻ ነውና። ከአምቢቆ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሥቶ፣ ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ፊትን ማዞር። ይህን ሰዓት ከመንቀሳቀስ በፊት፣ አእምሮ ረጋ ባለበት ጊዜ መወሰን፤ በ4,400 ሜትር ላይ የሚወሰን ውሳኔ የድካም ውሳኔ ነውና። ለደጀኖቹም የሚገባቸውን ሙሉ ዋጋ መክፈል።

ተራራው ራሱ የሚኖረው ወደ ታች በሚሰጠው ነው። በራስ ደጀንና በቧሂት ላይ የወረደው ዝናብና በረዶ በመሸሃ በኩል ወደ ተከዜ ይወርዳል፤ ተከዜም ወደ አትባራ፣ አትባራም ወደ ዓባይ ይሄዳል። በስሜን ጫፍ ላይ የወደቀች ጠብታ የምታጠጣው ከሩቅ ያለውን ቆላና በረሃ ነው። የከፍታው ዋጋም የሚታወቀው እዚያ ታች ነው።

ከፍታው 4,620 ይሁን 4,550 ወይም 4,533፣ የሜትሩን ነገር የመለኪያ ባለሞያዎች ይጨርሱታል። ለተጓዡ የሚቀረው ሒሳብ ሌላ ነው፤ ከእርሱ ጋር የወጡት ሁሉ፣ እንግዳው፣ መሪው፣ ጠባቂውና በቅሎ ነጂው፣ ማታ በአምቢቆ እሳት ዳር ሲቀመጡ ቁጥራቸው ጠዋት እንደ ነበረው መሆኑ ነው። ቁጥሩ ከሞላ ጉዞው ተሳክቷል፤ ጫፉ ተደርሶ እንደ ሆነ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው።